ጳጉሜ ወር ናት ወይ?

ስርጉት የዝውውር ደብዳቤዋ መምጣቱን የሰማችው ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው። ዕለቱ ዝናብ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ከቢሮው በረንዳ ላይ ቆሞ "ሞጣ ደረሰሽ!" ብሎ ቢጮህ፣ ከቆርቆሮው ጩኸት የተነሣ በደንብ አልተሰማትም።

"ምን ደረሰብኝ?" አለችው በድንጋጤ።

"ደረሰብሽ አላልኩም፤ ደረሰሽ ነው ያልኩት!" አለና እየሳቀ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አሳያት። ስርጉት ጃንጥላዋን መዘርጋት እንኳ ትዝ ሳይላት ጭቃውን አቋርጣ ሮጠች።

ስርጉት ብቸና ውስጥ ጂኦግራፊ የምታስተምር፣ አርባዎቹን የጀመረች ሴት ናት። ባሏ ስጦታው የእንስሳት ሐኪም ሲሆን ሥራው ሞጣ ነው። ሲጋቡ "አንድ ዓመት ታገሺ፣ ከዚያ በዝውውር ትመጫለሽ" ብሏት ነበር። ያ አንድ ዓመት ግን ሌላ ዓመት እየጎተተ፣ ሴት ልጃቸው ተወልዳ፣ ፊደል ቆጥራ፣ አድጋ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ እስክትገባ ድረስ አላለቀም። ባልና ሚስቱ የሚገናኙት መንገዱ ሲመች በሳምንት መጨረሻ፣ ሳይመች በበዓል ነበር። ስርጉት በየክረምቱ ማመልከቻ ታስገባለች፤ በየክረምቱ "ቦታ የለም" ትባላለች። ዘንድሮ ማመልከቻውን ያስገባችው ለልማድ ያህል ነበር።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ክሊራንሷን ለመጨረስ ስትሯሯጥ ሰነበተች። ከትምህርት ቤቱ የተዋሰችውን ካርታና መጽሐፍ መለሰች። አከራይዋን ተሰናበተች፤ አከራይዋም አለቀሱ። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ዕቃዋን ጭና ልትሄድ ወሰነች። የቀራት ጂሙን መሰናበት ብቻ ነበር፤ እሱንም ከሁሉ ቀላል ነው ብላ መጨረሻ ላይ ያስቀመጠችው እሷው ራሷ ናት።

ጂሙ የይስማው ነው። ይስማው ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ስርጉት ያስተማረችው ልጅ ነው። ባሕር ዳር ሄዶ ስፖርት ሳይንስ ተምሮ ሲመለስ፣ ከገበያው ጀርባ ያለውን የእህል መጋዘን ተከራይቶ ጂም ከፈተበት። ከዕቃው እኩሌታውን ያሠራው በከተማው ብየዳ ቤት ነው። ግድግዳውን ሰው ሲደገፈው እስካሁን የጤፍ ብናኝ ትከሻ ላይ ይቀራል። አባቱ የኔታ አካለ ወልድ የቅኔ መምህር ናቸው። ልጃቸው በድቁናው ይገፋል ብለው ጠብቀው ነበርና፣ ሰው ስለ ጂሙ ሲጠይቃቸው "ልጅህ ብረት አነሣ ሲሉኝ ደንግጬ ነበር፤ መልሶ ያስቀምጠዋል ሲሉኝ ነው ነፍሴ የተመለሰችው" እያሉ ያስቁ ነበር።

ስርጉት ጂም የገባችው ወዳ አልነበረም፤ ወገቧን ታማ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ ቆማ ማስተማር ሲያቅታት ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሙም "ኪኒኑ ያስታግስልሻል እንጂ አያድንሽም፤ ሰውነትሽን አሠሪው" አላት። እሷም ቱታዋ ላይ ነጠላ ደርባ፣ ሰው ሳያያት ልትመለስ በማለዳ ሄደች። ይስማው አስተማሪውን በቱታ ሲያያት ከእሷ ይልቅ እሱ አፈረ።

"መምህርት፣ እርስዎን እንዴት ብዬ ነው የማዝዝዎት?" አላት ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ።

"እኔ አንተን እንዳዘዝኩህ ነዋ! ዛሬማ ተራው ያንተ ነው።"

ወገቧ እየቀለላት ሲሄድ ጓደኛዋን ሀብትነሽን አመጣቻት። ሀብትነሽ ገበያው መሐል የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላት ሴት ናት፤ ድምፅዋ ከሱቋ ተነሥቶ እህል ተራ ይደርሳል። ሀብትነሽ ደግሞ ሁለት ጎረቤቶቿን ጎትታ አመጣች። እንዲህ እንዲህ እያሉ በዙ። ይስማውም ማለዳውን "የሴቶች ሰዓት" ብሎ ለየላቸው፤ በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀለ፤ እሱ ራሱ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ በመጋረጃው በኩል ያሠራቸው ጀመር። ከሴቶቹ መካከል የቄስ ሚስት አሉ፣ የክርስትና እናቱ አሉ፤ እንዴት ገብቶ "ወገብዎን ዝቅ ያድርጉ" ይበላቸው?

ግን ሳያዩ ማሠራት የሚሆን ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ይስማው ከውጭ "በርቱ! እንዳታቆሙ! ላባችሁ ይታየኛል!" እያለ ሲጮህ፣ ሴቶቹ ሁሉ ምንጣፉ ላይ ተዘርግተው ሀብትነሽ ያመጣችውን ቆሎ እየበሉ ነበር። የሳቁ ድምፅ ሲሰማው ገባው። በማግስቱ ስርጉት ተነሥታ ፊት ቆመችና "ተሰለፉ" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሴቶቹን ሰዓት የምታሠራው እሷ ሆነች። ማንም አልሾማት፤ እሷም ሹመት ነው ብላ አላሰበችውም። የማታውቀውን ይስማውን ትጠይቃለች፤ የጠየቀችውን በማግስቱ ታስተምራለች። መምህርት አይደለች?

ነሐሴ ሠላሳ ቀን ጠዋት፣ ሴቶቹ ከተበተኑ በኋላ፣ ስርጉት ከጂሙ መውጣቷን የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ለይስማው ሰጠችው። አነበበው። መልሶ አነበበው። "እንኳን ደስ ያለዎት" ይላል ብላ ስትጠብቅ፣ ጉሮሮውን ጠረገና፣

"መምህርት፣ ውሉ ላይ እኮ... ከአንድ ወር በፊት ያሳውቃል ይላል" አላት።

"ይኸው አሳወቅሁ።"

"መቼ ነው የሚሄዱት?"

"እንቁጣጣሽ እንዳለፈ።"

"እንግዲያው አንድ ወር አልሆነም። ዛሬ ነሐሴ ሠላሳ ነው። መስከረም እስኪያልቅ አባል ነዎት ማለት ነው።"

ስርጉት የሚቀልድ መስሏት ሳቀች። ፊቱን ስታየው ግን ቀልድ የለበትም። ውሉን አምጣው አለችው፤ አመጣው። ሲገቡ ሁሉም ሳያነቡ የፈረሙበት፣ ከባሕር ዳር ጓደኛው ጂም ላይ የገለበጠው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። እውነትም "አባሉ ውሉን ለማቋረጥ ሲፈልግ ከአንድ ወር በፊት በጽሑፍ ያሳውቃል" ይላል። ስርጉት አንድ ጊዜ አንብባ ቀና አለች።

"ከነገ ጀምሮ ጳጉሜ ነው" አለች።

"አዎ።"

"ጳጉሜ ምንድን ነው?"

ይስማው ወዴት እንደምትወስደው ጠረጠረ። "ጳጉሜ... ጳጉሜ ነዋ።"

"ዘጠነኛ ክፍል ሳለህ የኢትዮጵያ ዓመት ስንት ወር አለው ብዬ ጠይቄህ ምን ብለህ መለስክልኝ?"

"አሥራ ሦስት።"

"ልክ ነው አልኩህ ወይስ ተሳስተሃል አልኩህ?"

"ልክ ነው አሉኝ።"

"እንግዲህ ነሐሴ ሳያልቅ ነገርኩህ፤ ጳጉሜን ሙሉዋን እቆያለሁ፤ መስከረም ሲጠባ እሄዳለሁ። አንድ ወር ማለት ይኸው ነው።"

"መምህርት፣ ደመወዝ የማይከፈልባት ወር ወር ትባላለች? እርስዎ ራስዎ በጳጉሜ ደመወዝ በልተው ያውቃሉ?"

"መንግሥት ስላልከፈለኝ ከወርነቷ ትሰረዝ?"

"እኔም እኮ የጳጉሜን ክፍያ ጠይቄዎት አላውቅም!"

"ጠይቀኝ! ማን ከለከለህ?"

እንዲህ ሲመላለሱ ቆዩ። መጨረሻ ላይ ይስማው አንገቱን ሰብሮ፣ ግን ሳይለሳለስ፣ "ውል ውል ነው መምህርት" አላት። ስርጉት ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ያናደዳት የአንድ ወር ክፍያ አልነበረም፤ ብትከፍለው አይጎዳትም። ያናደዳት ዘጠነኛ ክፍል ያስተማረችው፣ በማለዳ ተነሥታ ሴቶቹን የምታሠራለት ልጅ፣ ስትሰናበተው ውል መምዘዙ ነው።

ለስጦታው ደወለችለት። እሱ ከሁሉ ነገር ሳቅ የሚቀድመው ሰው ነው።

"ክፈዪውና ነይ እንጂ! ስንት ዓመት ጠብቄ ደግሞ ጳጉሜ ታስቀርሽ?"

"አልከፍልም። የገዛ ተማሪዬ በውል ሊያስረኝ?"

"እና ምን ልታደርጊ ነው?"

"ለአባቱ እነግራለሁ።"

"ይኼ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ባሕረ ሐሳብ የሚቆጥር ዳኛ ከየት ይገኛል?" አለና እንደገና ሳቀ።

በማግስቱ ለይስማው "አባትህ ይፍረዱን" ብላ ላከችበት። እሱም "ይፍረዱን" ብሎ መለሰ። አባቱ ለልጃቸው የሚያደሉ ሰው እንዳልሆኑ ሁለቱም ያውቃሉ። እስከዚያው ስርጉት ተቀይማ ወደ ጂሙ ድርሽ ሳትል ቀረች።

የተገናኙት በሩፋኤል ዕለት ነው። ከቅዳሴ በኋላ ካፊያው ወረደና የሰፈሩ ልጆች ጠበል ነው እያሉ ልብሳቸውን አውልቀው ዝናቡ ውስጥ ይጨፍራሉ። የኔታ አካለ ወልድ ከቤታቸው ደጃፍ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ወደ ውጭ ዘርግተው የዝናቡን ውኃ እየተቀበሉ ፊታቸውን ይዳብሱ ነበር። ስርጉት ጉልበታቸውን ስማ ተቀመጠች፤ ይስማው ቆመ።

"ተቀመጥ እንጂ" አሉት።

"ይሁን አባ፣ ልቁም።"

"ተከሳሽ መሆኑ ነው?" ብለው ወደ ስርጉት ዞሩ። "በይ ልጄ፣ ምንድን ነው ጉዳችሁ?"

ስርጉት ነገሯን አስረዳች። ይስማውም አስረዳ። የኔታ ወረቀቱን ተቀብለው ከዓይናቸው አርቀው አነበቡት፤ "ለማቋረጥ" የሚለው ቃል ላይ የፊደል ግድፈት አግኝተው በጥፍራቸው ጫሩት። ከዚያም፣

"ልጄ ይስማው፣ ዛሬ ምን በዓል ነው?" አሉ።

"ሩፋኤል።"

"ሩፋኤል በየትኛው ወር ነው የሚውል?"

"በጳጉሜን።"

"ጳጉሜን ወር አይደለችም ካልን፣ ይህን መልአክ የት እናውለው? ነሐሴ ውስጥ? ነሐሴ አልቋል። መስከረም ውስጥ? መስከረም አልጠባም። ሜዳ ላይ ይደር?"

ስርጉት ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘችው።

"ትንሽ ናት ትለኛለህ" አሉ የኔታ ቀጠል አድርገው። "ትንሽ ናት። ትንሽ ልጅ ልጅ አይደለም? አንተ ሠላሳ ቀን ከፈለግህ ሠላሳ ቀን ብለህ በጻፍህ። አንድ ወር አልህ፤ አንዲት ወር ሰጠችህ። ፍርዱ ለመምህርት ነው።"

ስርጉት ልትቦርቅ ምንም አልቀራት። ይስማው ግን ይከራከራል ስትል አልተከራከረም። "እሺ አባ። እሺ መምህርት፣ ይሂዱ፤ ክፍያ የለብዎትም" አለና፣ ለመሸነፉ ከሚገባው በላይ ተክዞ፣ ኮፍያውን እንኳ ሳያጠልቅ ዝናቡ ውስጥ ገብቶ ሄደ። ከልጆቹ አንዱ ውኃ ረጨበት፤ ዞሮም አላየውም።

የኔታ በዓይናቸው ሸኙት። "ይህ ልጅ ስስታም አይደለም" አሉ። "ቢሆን ኖሮ እኔ ዘንድ ባልመጣ። ሌላ ያመመው ነገር አለ።"

"ምን ይመስልዎታል የኔታ?"

"እኔ የወር ቆጠራ ተጠየቅሁ፤ ፈረድኩ። የቀረውን አንቺ ጠይቂው፤ አስተማሪው አንቺ ነሽ።"

ያን ዕለት ስርጉት ዕቃዋን ስትጠቅል ዋለች። ያሸነፈችው ክርክር ደስታው እስከ ቀትር አልዘለቀላትም። የልጁ ፊት ትዝ እያላት ሳሕኑን በየጨርቁ ስትጠቀልል የጠቀለለችውን መልሳ ትፈታለች። በነጋው በሴቶቹ ሰዓት ቱታዋን ለብሳ ወደ ጂሙ ወረደች።

ይስማው እንደ ጥንቱ ከመጋረጃው ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። "እጃችሁን ወደ ላይ! ወደ ላይ... አሁን ወደ ታች... የቱ ጋ ደረሳችሁ?" ይላል። ከውስጥ መልስ የለም። ስርጉት መጋረጃውን ገልጣ ስትገባ ሦስት ሴቶች ብቻ አገኘች። አንዷ ዳምቤል ላይ ተቀምጣለች፤ ሀብትነሽ ግድግዳውን ተደግፋ ስልኳን ታያለች።

"መጣሽ!" አለች ሀብትነሽ። "ይኸውልሽ፣ አንቺ ከቀረሽ ወዲህ ሰዉ ሁሉ ቀረ። 'ስርጉት ሞጣ ልትሄድ ነው፣ እንግዲህ ማን ያሠራናል' ብለው ነው። እኔም የመጣሁት ልጁን እንዳይከፋው ብዬ ነው።"

ስርጉት ወጥታ ይስማው አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

"እውነቱን ንገረኝ" አለችው። "ውሉን ለምን አወጣኸው?"

ይስማው መሬት መሬት እያየ መለሰላት።

"መምህርት፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ሴቶቹን የሚያሠሩልኝ እርስዎ ነዎት። እኔ ደግሞ በየወሩ ከእርስዎ ክፍያ እቀበላለሁ። ሥራ እያሠሩ ማስከፈል! ይህ ነገር የታየኝ የመሄጃዎን ወረቀት ሲሰጡኝ ነው፤ እዚያው ላቤ መጣ። እርስዎ ሲሄዱ ይህ ሰዓት እንደሚዘጋ አወቅሁ። ሰው ያሠልጥኑልኝና ይሂዱ ብዬ ልለምንዎት ነበር፤ ግን በምን ፊቴ? ከዚያ ውሉ ትዝ አለኝ። ውሉ ካስገደደዎት አንድ ወር ይቆያሉ፤ በመካከሉ አንዷ ትለምዳለች ብዬ ነው።"

"ከመለመን መካሰስ ቀለለህ?"

"አዎ መምህርት።"

"አንተ ሞኝ!" አለችው፤ ግን እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ ነው። "በአንድ ቃል ብትጠይቀኝ እኮ እምቢ አልልህም ነበር። እንዲህ ታውቀኛለህ?"

"ስላወቅሁዎት ነው ያፈርኩት" አላት።

ስርጉት ልቧ ራሰ። ደግሞም ለራሷ እየሳቀች ነበር፤ እሷም ብትሆን ከመጀመሪያው "ምን ሆነህ ነው?" ብላ በጠየቀችው አንድ የቅኔ መምህር በበዓል ቀን ዳኝነት ባልተቀመጡ። ተነሥታ መጋረጃውን ገለጠችና፣

"ሀብትነሽ! ነይ ፊት ቁሚ" አለቻት።

"እኔ?" ሀብትነሽ ስልኳን ልትጥለው ነበር። "እኔ ምኑን አውቄው? ስሙን እንኳ አላውቀውም፤ ሁሉም ፈረንጅኛ ነው።"

"ማን ፈረንጅኛ አለሽ? 'ቁጢጥ' በይ፤ ቁጢጥ ሲሉ 'ብድግ' በይ።"

"አፍራለሁ።"

"አንቺን? ገበያ መሐል ሰው በስሙ ጠርተሽ ዕዳውን የምትጠይቂውን?"

ሴቶቹ ሳቁ። ሀብትነሽ እየተግደረደረች ፊት ቆመች። "ቁጢጥ" አለች፣ በማይሰማ ድምፅ። ማንም አልተነቃነቀም። "ቁጢጥ!" አለች በሱቅ ድምፅዋ፤ ሁለቱ ሴቶችም ስርጉትም ሳያስቡት ቁጢጥ አሉ። ውጭ አግዳሚው ላይ ያለው ይስማው እንኳ ሳያስበው ተነሥቶ ቁጢጥ ብሎ እንደ ነበር በኋላ ነገራቸው።

የቀሩትን የጳጉሜ ጠዋቶች ስርጉት ሀብትነሽን ስታሠለጥን አሳለፈች። ሀብትነሽ እንደ ስርጉት አስረድታ አታሠራም፤ እየተሳደበች ታሠራለች። "ማነሽ አንቺ፣ ክንድሽን እንደ ተዋስሽው ዕቃ አትያዢው፤ የራስሽ ነው!" ትላለች። ስርጉት መጀመሪያ ልታርማት አሰበች፤ ሴቶቹ እየሳቁ ከወትሮው አብልጠው ሲሠሩ ስታይ ተወቻት። ያረመቻት እንዳይጎዱ የሚያደርገውን ብቻ ነው፦ ወገብ እንዴት ቀና እንደሚል፣ ሰው መቼ ማረፍ እንዳለበት። ወሬው ገበያውን ዞረ፤ የቀሩትም አንድ ሁለት እያሉ ተመለሱ።

ግን ጥቂት ቀን አይበቃም። ይህን ስርጉትም አወቀችው፣ ይስማውም አወቀው፤ አሁንም መጠየቅ ፈራ እንጂ። ስለዚህ ራሷ አነሣችው።

"መስከረምን በየቅዳሜው እየመጣሁ ሀብትነሽን አያታለሁ" አለችው።

"መምህርት፣ ተፈርዶልዎታል እኮ!"

"ተፈርዶልኛል። አሁን የምመጣው ስላልተገደድኩ ነው።"

ከባዱ ለስጦታው መንገር ነበር። በስልኩ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ ዘገየባት።

"ስርጉቴ፣ ስንት ዓመት ጠብቄሽ ገና ሳትገቢ ቅዳሜን ለብቸና ሰጠሽብኝ?"

"መስከረምን ብቻ ነው። ካልወደድከው እተወዋለሁ።"

እሱም "እኔ ሥራዬን ትቼ ብቸና ልምጣ ስል አንቺ አይደለሽ እንዴ የከለከልሽኝ፣ ለገበሬው አስብ ብለሽ" አላት። "ነይ ብቻ። የመጀመሪያዋን ቅዳሜ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ይህን ልጅ ልየው።"

እንቁጣጣሽ ዋለ። ስርጉት ዕቃዋን ጭና፣ ከሀብትነሽ ጋር ተቃቅፋ ተላቅሳ፣ ሞጣ ገባች። ስጦታው ቤቱን ኖራ ቀብቶ፣ ለመጽሐፎቿ መደርደሪያ አናጢ ዘንድ አሠርቶ ጠበቃት። አንዱ መደርደሪያ ጋደል ብሏል፤ "ዝናብ ሲሆን ነው፣ በበጋ ይቃናል" አላት፤ አመነችው።

በቅዳሜው በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍረው በደብረ ወርቅ አድርገው ብቸና ገቡ። መስኩ አደይ ለብሶ ነበር። ስጦታው ጂሙ በር ላይ ሲደርስ ወንድ አይገባም ተባለና ከይስማው ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ከውስጥ የሀብትነሽ ድምፅ ሲመጣ ሁለቱ ወንዶች ይተያያሉ።

"ይህች ሴት ሁልጊዜ እንዲህ ነች?" አለ ስጦታው።

"ዛሬ እንግዳ ስላለ ነው ቀስ ያለችው" አለው ይስማው።

ስጦታው የመጣው ልጁን ሊቆጣ ነበር፤ ከቀትር በፊት ሻይ ቤት ገብተው ስለ ጉልበት መገጣጠሚያ፣ የሰውም የበሬም፣ ሲጨዋወቱ ተገኙ። ከሰዓት በኋላ የኔታ ስጦታው መምጣቱን ሰምተው የምታነክስ በቅሏቸውን እንዲያይላቸው አስጠሩት። በቅሎዋ ሰኮናዋ ውስጥ ጠጠር ገብቶባት ነበር። የኔታ መርቀው ሲያበቁ "ፍርዱ ለሚስትህ ነበር፤ ወጪው ግን ባንተ ወጣ" አሉት።

ሌሎቹን ቅዳሜዎች ስርጉት ብቻዋን ተመላለሰች። ከመስቀል በኋላ ባለችው በመጨረሻዋ ቅዳሜ ስትደርስ መጋዘኑ ሞልቷል፤ ሁለት የማታውቃቸው ልጃገረዶችም አሉ። ሀብትነሽ ፊት ቆማለች፤ አንገቷ ላይ ፊሽካ አንጠልጥላለች። ስርጉት ልትረዳት ወደ ፊት ስትራመድ ሀብትነሽ በእጇ ወደ ኋላ አመለከተቻት።

"ዘግይተሽ መጥተሽ ፊት የለም። ከኋላ ተሰለፊ።"

ስርጉት ከኋላ ተሰለፈች። ሀብትነሽ ማንንም ሳትጠይቅ ሰዓቱን ሙሉ አሠራች። አሟሟቀች፣ አዘለለች፣ አሮጊቶቹን ለይታ አሳረፈች፤ ለአንዲት ወገቧን ለጎበጠች ልጅ ሄዳ በመዳፏ አቃናችላት። ስርጉት ለማየት ትንሽ ቆም ስትል፣

"አንቺ ኋላ ያለሽው! ሞጣ እንዲህ ነው የሚሠራው?" የሚል ጩኸት መጣባት።

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩአትና በሳቅ ፈረሱ። ስርጉትም እየሳቀች ቁጢጥ አለች። ከፊት ሆና ሰው ስታሠራ ራሷ በደንብ ሠርታ እንደማታውቅ ያን ዕለት ታወቃት፤ ጭኗ ይንቀጠቀጣል፣ ላቧ ዓይኗ ውስጥ ይገባል፣ ደስ ይላታል።

ስትወጣ ይስማው ጠበቃት። አዲስ ውል አሳትሟል። "ሠላሳ ቀን" የሚል ቃል ትጠብቅ ነበር፤ የማሳወቂያው አንቀጽ ግን ጭራሹን የለም።

"መሄድ የፈለገ ሰው ይሂድ" አላት። "እኔ እንዳይሄድ አድርጌ ላሠራው። ሀብትነሽም ከዚህ ወር ጀምሮ አትከፍልም፤ ተከፋይ ናት። የእርስዎንም..."

"የእኔን ተወው።"

"መምህርት..."

"ተወው አልኩህ። ይልቅ ልጃገረዶቹ ትምህርት ሲጀመር እንዳይቀሩ ሰዓቱን ትንሽ አስቀድመው።"

ይስማው ራሱን ነቀነቀ፤ ያን ዕለት ግን ዓይኗን እያየ ነው የተሰናበታት። ሀብትነሽ ከሱቋ ሮጣ መጥታ፣ የጠባሴ እናት ከማሳቸው የላኩትን የባቄላ እሸት በዘንቢል አስያዘቻት፤ ጠባሴ ከአዲሶቹ ልጃገረዶች አንዷ ናት። ስርጉት ሚኒባሱ ውስጥ ዘንቢሉን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አጠገቧ ለተቀመጡት ሁሉ እያደለች ሄደች።

ሞጣ ስትደርስ ፀሐይ ልትገባ ነበር። ስጦታው ቡትስ ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ እግሩን ሲታጠብ አገኘችው። የተረፈውን እሸት ገበታ ላይ ዘረገፈችና ተቀምጠው ይፈለፍሉ ጀመር። የሀብትነሽን ፊሽካ ስትነግረው እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ እሱ በተራው ያን ቀን ገጠር ወርዶ ስላዋለዳት ላም ጀመረ፤ ጥጃው በእግሩ ዞሮ ስለመጣ ሦስት ጎረምሳ ይዞለት እንደ ነበር፣ ባለቤቲቱ ከላሟ አብልጣ ታምጥ እንደ ነበር እየተነሣ አሳያት። ስርጉት እሸቱን እየፈለፈለች፣ አንዳንዱን ጥሬውን እየቆረጠመች፣ ሳትቸኩል አዳመጠችው። ላሟም ጥጃዋም ደኅና ናቸው።